ለ19 ወር ልጄ የትኛውን የጥርስ ሐኪም ልምረጥ?

ጥያቄ፦ የ19 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ አታውቅም። ከቤታችን አጠገብ እኔና ባለቤቴ ለዓመታት የታከምንበት ክሊኒክ አለ። ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ግን ትንንሽ ልጆችን ሲያክም አይቼ አላውቅም። ሌላው ራቅ ያለ የልጆች የጥርስ ክሊኒክ ነው። ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ፣ መጫወቻ የሞላው ነው። እናቴ ደግሞ «የወተት ጥርስ ወዳቂ ነው፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሙላት» ትላለች። በቅርቡ ከላይ የፊት ጥርሶቿ ላይ፣ ድዱ ሥር፣ ነጭ መስመር ነገር አየሁ። ልጄ የማታውቀው ሰው ሲነካት በጣም ታለቅሳለች። የትኛው ጋ ልውሰዳት? ምን ብዬስ ልጠይቅ?

ምላሽ፦ ስለ ነጩ መስመር ልጀምር። ክሊኒክ ከመምረጡም በፊት እሱ ይቀድማል።

ቀን ላይ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት፣ እጅዎን ታጥበው ልጅዎን ጭንዎ ላይ ጋደም ያድርጓት። የላይኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱት። ከዚያ በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ጥርሶቿን ከድዱ ጀምረው ጠረግ ጠረግ ያድርጓቸው። ነጩ ነገር ከጨርቁ ጋር ከመጣ ጥርሱ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ብሩሹ ድዱ ሥር አልደረሰም ማለት ነው፣ ቀላል ነው። ካልለቀቀ፣ ጥርሱም ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ደብዝዞ ከታየ ግን የጥርሱ ማዕድን መሟጠጥ ሳይጀምር አልቀረም። የጥርስ መበላት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ገና ቀዳዳ የለውም፣ አያምም፣ ልጅም አታማርርበትም። ለዚህም ነው ብዙ ወላጅ ሳያየው የሚያልፈው።

እርስዎ በጊዜ አይተውታል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የተያዘ ጥርስ መበላቱ ሊቆም ይችላል፣ የሄደውም ማዕድን በከፊል ሊመለስ ይችላል። ቡኒ ሆኖ ጥርሱ መሸረፍ ከጀመረ ግን የጎደለው ተመልሶ አይበቅልም፣ ወደ ሕክምና ይገባል። አንዳንዴ ነጭ ምልክት ጥርሱ ሲሠራ የተፈጠረ እንከን ሊሆንም ይችላል። ያንን የሚለየው ዓይቶ የሚያውቅ ሐኪም ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ትታይ። ምርጫው ፍጹም እስኪሆንልዎ ወር ሁለት ወር አይቆዩ።

ለምን የላይኞቹ የፊት ጥርሶች መጀመሪያ እንደሚጎዱ ላስረዳዎት፤ ሐኪም ሲያነጋግሩም ይጠቅምዎታል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስና ምራቅ ይሸፍኗቸዋል። የላይኞቹ ይህ ጥበቃ የላቸውም። ልጅ ስትተኛ ደግሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ጡጦ አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ከወሰዳት፣ ወተቱ ወይም ጭማቂው እነዚያ ጥርሶች ላይ ይቆያል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም ጥርሱን ያሟሟዋል። ጥሩ ሐኪም ነጩን መስመር ሲያይ ወዲያው ስለ ማታ ጡጦ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አሁን እናትዎ ወዳሉት ልምጣ። እሳቸው የተናገሩት ብዙ ሰው የሚያምንበትን ነው፣ ከፍቅርም የመጣ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የሕፃናት የጥርስ ሕክምና አካዳሚም ሆነ የብሪታኒያ አቻው የሚመክሩት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት ዘገየ ቢባል ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላት መሆን አለበት። አካዳሚው እንዲያውም የመጀመሪያው ጥርስ በወጣ በ6 ወር ውስጥ ይሁን ይላል። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። እርግጥ ነው ይወድቃሉ። ግን የፊቶቹ የሚወድቁት ስድስት ሰባት ዓመት አካባቢ ነው፣ የኋላ መንጋጋዎቹ ደግሞ እስከ 10፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ አፍ ውስጥ ይቆያሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ይታኘክባቸዋል፣ ንግግር ይለመድባቸዋል፣ ለቋሚዎቹም ቦታ ይይዛሉ። አንዱ ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ቋሚው መውጫ ያጣል። ደግሞ የወተት ጥርስ ጠንካራው ሽፋን ከቋሚው ስስ ነው፣ የውስጡ ነርቭ ያለበት ክፍልም በንጽጽር ሰፊ ነው። ስለዚህ መበላት ሲጀምር በፍጥነት ይዘልቃል። ሦስት ዓመት እስኪሞላት መጠበቅ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ለእናትዎ በአክብሮት እንዲህ ቢያስረዷቸው የሚረዱዎት ይመስለኛል። ልጅቷ እሳቸው ጋ የምትውል ከሆነ ደግሞ የግድ አብረው መስማማት አለባችሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ስፔሻሊስት ወይስ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም?

የሕፃናት የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊስት ማለት ጠቅላላውን የጥርስ ሕክምና ትምህርት ጨርሶ፣ በልጆች ላይ ብቻ ተጨማሪ ዓመታት የተማረ ነው። በብዙ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። የልጅ አፍ እንዴት እንደሚያድግ፣ የምትፈራ ልጅ እንዴት እንደምትያዝ፣ ሌላ በሽታ ያለባት ልጅ ስትታከም ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይማራል። ልጅዎ የልብ ሕመም ካለባት፣ ደም ቶሎ የማይቆምላት ከሆነ፣ የእድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ካለባት፣ ወይም ብዙ ጥርሶቿ ከተቦረቦሩ ርቀቱን ሳያዩ ስፔሻሊስቱ ጋ ይሂዱ። እዚህ ላይ አላመነታም።

ጤነኛ ለሆነች የ19 ወር ልጅ የመጀመሪያ ጉብኝት ግን ስፔሻሊስት የግድ አይደለም። ትንንሽ ልጆችን ዘወትር የሚያይ፣ ሥራውን የሚወድ ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል። ችግሩ ጎበዝ ሐኪም ሁሉ የሕፃን አፍ ማየት የለመደ አለመሆኑ ነው። የእናንተ ሐኪም ለእናንተ ጥሩ መሆኑ ለልጅቷ ምን እንደሚሆን ገና አይነግረንም።

ስለ ሥዕሉና ስለ መጫወቻው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጥሩ ነው፣ ልጅን ያረጋጋል፣ ግን ስለ ሕክምናው ጥራት ብዙ አይናገርም። «የልጆች ክሊኒክ» የሚል ጽሑፍም ቢሆን ውስጥ ያለው ባለሙያ ስፔሻሊስት ነው ማለት አይደለም። ልጄን የሚያያት ማን ነው፣ ምን ተምሯል ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ሐኪምን የምትመዝኑት ልጅቷ ስታለቅስ በሚያደርገው ነገር ነው። የ19 ወር ልጅ ማልቀሷ አይቀርም። በዚህ ዕድሜ የማያውቁትን ሰው መፍራት ጤነኛ እድገት ነው። ስለዚህ «አለቀሰች፣ ሐኪሙ አልቻለበትም» ብለው አይደምድሙ። ያለቀሰችበትን ደቂቃ እንዴት እንደያዘው ይመልከቱ።

ይህን አስቀድሞ በስልክ ማወቅ ይቻላል። ለሁለቱም ክሊኒኮች ይደውሉና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «የ19 ወር ልጅ ናት፣ አፏን አልከፍት ብትልስ ምን ታደርጋላችሁ?» ከዚህ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይወጣል። «ችግር የለም፣ ብታለቅስም እርስዎ ጭን ላይ አድርገን ባጭሩ እናያታለን፤ ካልሆነም አናስጨንቃትም፣ ሌላ ቀን እንሞክራለን» ካሉዎት ልጆችን የለመዱ ናቸው። «እንይዛታለን፣ ይከፈታል» ካሉዎት ስልኩን በትሕትና ይዝጉ። «ማስተኛ መድኃኒት እንሰጣታለን» ካሉም እንዲሁ፤ ለምርመራ ብቻ ተብሎ ሕፃን አይተኛም። «ሦስት ዓመት ሲሞላት አምጧት» የሚል መልስ ደግሞ ቅን ሊሆን ይችላል፣ ግን ነጭ መስመር ላየች እናት የሚሰጥ መልስ አይደለም። ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ ካላወቀች ረዳት ነርሷን ወይም ሐኪሙን እንዲያገናኙዎ ይለምኑ። ደውለን እንነግርዎታለን ብለው በእርግጥም ከደወሉ፣ ያም ራሱ ስለ ክሊኒኩ ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ «እኔ አብሬያት እገባለሁ?» ነው። በዚህ ዕድሜ መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። ትልልቅ ልጆች አንዳንዴ ብቻቸውን ሲገቡ ይሻላቸዋል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፣ ይከራከሩበታል። ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ከእናቷ ነጥሎ ማስገባት ግን አልስማማም።

ሦስተኛው፦ «በመጀመሪያው ቀን ምን ምን ይደረጋል?» ጤናማው መልስ አጭር ነው። ትታያለች፣ ጥርሶቿ ይቆጠራሉ፣ ስለ አመጋገብና ስለ ብሩሽ እንነጋገራለን፣ ካስፈለገም ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ይቀባላታል። ራጅ በዚህ ዕድሜ በልማድ አይነሳም። ወድቃ ጥርሷ ከተመታ ወይም ጠለቅ ያለ ጉዳት ከተጠረጠረ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ያኔም ምክንያቱ ይነገርዎታል። ልጅቷን ገና ሳያዩ «ራጅ፣ እጥበት፣ ፍሎራይድ፣ ሁሉን ያካተተ ፓኬጅ አለን» የሚል ክሊኒክ አይመቸኝም።

የሐኪሙን ብቃት በዓይንዎ የሚያዩበት ቅጽበት ምርመራው ነው። ለሕፃናት የምንጠቀምበት አያያዝ አለ፣ ጉልበት ለጉልበት የሚባል። ትልቁ የጥርስ ወንበር አያስፈልግም። እርስዎና ሐኪሙ ፊት ለፊት፣ ጉልበታችሁ እስኪነካካ ተቀራርባችሁ ትቀመጣላችሁ። ልጅቷ ወደ እርስዎ ዞራ፣ እግሮቿን በወገብዎ ግራና ቀኝ አድርጋ ጭንዎ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትጋደማለች፣ ጭንቅላቷ ሐኪሙ ጭን ላይ ያርፋል። ዓይኗ እርስዎን ያያል። እጆቿን እርስዎ ይይዛሉ። ይህን ያህል ነው። አፍ መክፈቻ ብረት የለም፣ የሚያስፈራ መብራት የለም። በጣት ከንፈሯን ያነሳል፣ በትንሽ መስታወት ያያል፣ ጮክ ብሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ ይቆጥራል። በ19 ወር ብዙ ልጆች 12 ወይም ከዚያ በላይ ጥርስ ስላላቸው ቆጠራው ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ብታለቅስም አፏ ተከፍቶ ስለሚታይ ምርመራው ቶሎ ያልቃል። ሁሉም ነገር አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። እንዳለቀ ወዲያው ቀና ተደርጋ እርስዎ ደረት ላይ ትመለሳለች፣ አብዛኞቹም እዚያው ዝም ይላሉ።

ጥሩ ሐኪም በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ እርስዎንም አይረሳም። ከንፈሩን እንዳነሳ «ይህችን መስመር ያዩዋታል? እዚህ ጋ ነው ብሩሹ መድረስ ያለበት» ብሎ ያሳይዎታል። ከምርመራው በፊትም መስታወቱን ለልጅቷ ሰጥቶ እንድትነካው ያደርጋል፣ በአሻንጉሊቷ ጥርስ ላይ ይሞክራል። መንገር፣ ማሳየት፣ ከዚያ ማድረግ የሚባለው ይህ ዘዴ ከ1959 ጀምሮ በልጆች ጥርስ ሕክምና ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነው። ለዚህች ልጅ ቃሉ ብዙ ላይገባት ይችላል፤ የድምፁ ልስላሴና የእጁ ቀስታ ግን ይገባታል።

ሌላው መመዘኛ ሐኪሙ የሚጠይቅዎት ጥያቄ ነው። ማታ ጡጦ ትወስዳለች? በምግብ መሐል ምን ትጠጣለች? ሽሮፕ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስዳለች? ብዙዎቹ ስኳር አለባቸው። የሚቦርሽላት ማን ነው፣ በምን ሳሙና? እርስዎ ራስዎ የተቦረቦረ ጥርስ አለዎት? ይህ የመጨረሻው ሐሜት እንዳይመስልዎት። ጥርስ የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ከሚንከባከባት ሰው በምራቅ ይተላለፋሉ፣ ስለዚህ የእናትና የአባት ጥርስ መታከሙ ለልጅም ይተርፋል። ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ «ጥሩ ናት፣ በስድስት ወር ኑ» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም ጥርሱን አይቷል፣ ልጅቷን አላያትም። የሚጠይቀው ግን እየወቀሰ መሆን የለበትም። እናትን የሚያሸማቅቅ ሐኪም ጋ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱ አይነገርም።

ስለ ፍሎራይድ ቫርኒሽ ብዙ ወላጅ ይጨነቃል፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ። በትንሽ ብሩሽ ጥርስ ላይ የሚቀባ ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ አለው። የሚቀባው በጣም ትንሽ ጠብታ ነው፣ ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር የሚዋጠው አነስተኛ ነው። ጥርሱ ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ ሊመስል ይችላል፣ በብሩሽ ይለቃል። ብዙዎቹ ቫርኒሾች ከዛፍ ሙጫ ስለሚሠሩ ልጅዎ ከባድ አለርጂ ካለባት አስቀድመው ይናገሩ። ነጭ መስመር ላላት ልጅ ቫርኒሽ ከዋና ዋና መሣሪያዎቻችን አንዱ ነው። ሐኪሙ አያስፈልጋትም ካለ ለምን ብለው ይጠይቁ፣ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ከዛሬ ጀምሮ የሚያደርጉት አለ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ማሸጊያው ላይ የሚጻፍ የፍሎራይድ መጠን መለኪያ ነው) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹላት። መጠኑ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ። ሦስት ዓመት ሲሞላት ወደ አተር ፍሬ መጠን ያድጋል። ከቦረሹ በኋላ ከውሃ ሌላ ምንም አትጠጣ። የማታውን ጡጦ በአንድ ሌሊት ማስተው ከባድ ከሆነ ቀስ በቀስ ወደ ውሃ ይለውጡት።

አሁን ደስ የማይለውን እንነጋገር። ሐኪሙ የተቦረቦረ ጥርስ አገኘሁ ቢልዎስ? ሐኪም መምረጥ በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዓይነት ችግር ይዛ የገባች ልጅ ከተለያዩ ክሊኒኮች በጣም የተለያየ ምክር ይዛ ልትወጣ ትችላለችና።

የሕፃን ጥርስ ሁልጊዜ መቆፈር የለበትም። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ አለ፣ የተበላው ቦታ ላይ ይነካል፣ መበላቱን ሊያቆመው ይችላል። መርፌም ቁፋሮም የለውም። ችግሩ የተበላውን ቦታ ለዘለቄታው ያጠቁረዋል፣ የፊት ጥርስ ላይ ያ ለብዙ ወላጅ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ፈሳሽና ግላስ አዮኖመር የተባለውን የጥርስ መሙያ በ2021 ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ለኋላ መንጋጋ ደግሞ ጥርሱን ሳይቆፍሩ የብረት ክዳን የሚያለብሱበት፣ የሆል ዘዴ የሚባል አለ፤ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሐኪም ከኖርና ሆል ነው። ሐኪሙ እነዚህን ካላነሳልዎ እርስዎ ያንሱ። የሁሉም ልጅ ጉዳይ ለነዚህ አይስማማም፣ ነገር ግን «ለልጄ ለምን አይሆንም?» ለሚለው ግልጽ መልስ ማግኘት መብትዎ ነው።

በመጀመሪያው ቀን «ብዙ የተበላ ጥርስ አላት፣ በሰመመን እንሥራው፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ከተባለ አይፈርሙ። ፊቷ ካላበጠ፣ ትኩሳት ከሌላት፣ ሕመሙ እንቅልፍ ካልነሳት በቀር የአንድ ሳምንት ማሰቢያ ጊዜ አለዎት። ሰመመን አንዳንዴ በእርግጥ ያስፈልጋል። ብዙ ጥርሷ ተጎድቶ፣ ታማ፣ ልትታከም ለማትችል ሕፃን ትክክለኛው መንገድ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ አይፍሩት። ግን ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ለረጅም ሰዓት ወይም ተደጋግሞ የሚሰጥ ሰመመን የአእምሮ እድገትን ሊጎዳ ስለሚችል ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳስቧል። ሊዘገይ የሚችለውን ማዘግየት፣ ሊሠራ የግድ የሆነውን በአንድ ጊዜ መጨረስ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ እዚያ ከደረሰ እነዚህን ይጠይቁ። ሰመመኑን የሚሰጠው ማን ነው? ጥርሷ ሲሠራ ትንፋሿንና ልቧን ብቻ የሚከታተል ሌላ ሰው አለ? ይህ ሰው ጥርሱን የሚሠራው ሐኪም ራሱ መሆን የለበትም። የኦክስጅን መለኪያው እስክትነቃ ድረስ ከእሷ ጋር ይቆያል? አንድ ነገር ቢፈጠር የሕፃን ትንፋሽ የሚመልስ ሥልጠናና መሣሪያ ያለው ማን ነው? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ ታቁም? በተለምዶ ውሃ 2 ሰዓት፣ የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ፎርሙላ ወተትና ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት ሲቀር ይቆማል፤ ይህን በጽሑፍ የማይሰጥ ክሊኒክ አሳሳቢ ነው። በጥያቄዎ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመዎ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ልጅን በመጠቅለያ ወይም በማሰሪያ ሰሌዳ ማሰር ስለሚባለውም አስቀድመው ይጠይቁ። እርስዎ ጭን ላይ እጇን መያዝ ሌላ ነው፣ ማሰር ሌላ። ምን እንደሚደረግ፣ ለምን እንደሚደረግ ተነግሮዎት ፈቃድዎን ሳይሰጡ መደረግ የለበትም።

እንግዲህ የእርስዎን ምርጫ በተመለከተ ቁርጡን ልንገርዎ። መጀመሪያ የሚደውሉት አጠገብዎ ላለው ሐኪም ይሁን። ቅርበት ተራ ነገር አይደለም። ልጅዎ ነጩ መስመር ከተረጋገጠ በየሦስት ወሩ ልትታይ ትችላለች፣ ሩቅ ክሊኒክ ደግሞ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ መቅረት ይጀመራል። ለስልኩ ጥያቄ የሰጠው መልስ ካረካዎት፣ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ያልሞላ ልጆችን ዘወትር እንደሚያይ ከነገረዎት፣ እሱ ጋ ይውሰዷት። ካመነታ ወይም «ትንንሽ ልጆች ብዙም አላይም» ካለዎት አያስቀይምዎ። እንዲህ የሚል ሐኪም ታማኝ ነው፣ የሚያምነውን ሰው እንዲጠቁምዎ ይጠይቁት። ያኔ የልጆቹ ክሊኒክ ጋ ደውለው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ። ሁለቱም ጥሩ ከመለሱ ቀድሞ ቀጠሮ የሰጠውን ይያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁለቱም ይጠይቁ፦ ወድቃ ጥርሷን ብትመታ በዚያው ቀን ያዩልናል? መራመድና መሮጥ በምትለማመድበት በዚህ ዕድሜ የፊት ጥርስ ጉዳት በጣም የተለመደ ነው። በነገራችን ላይ የወተት ጥርስ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላልና። ጥርሱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። ፊቷ ካበጠና ትኩሳት ካላት ግን ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል ነው።

ለቀጠሮው ቀን ጥቂት ልጨምር። ጠዋት፣ ተኝታና በልታ በነቃችበት ሰዓት ይያዙላት። አንሶላዋን ወይም የምትወደውን አሻንጉሊት ይውሰዱ። ቤት ውስጥ «አያምሽም»፣ «መርፌ አይወጉሽም» አይበሏት፤ ያላሰበችውን ሕመም ያስተዋውቃታል። «ሰውዬው ጥርሶችሽን ይቆጥርልሻል» ይበቃል። ስትበጠብጥ «ጥርስ ሐኪም ጋ ነው የምወስድሽ» የሚል ማስፈራሪያም ከቤት ይውጣ። እርስዎ ራስዎ የጥርስ ሕክምና የሚያስፈራዎት ከሆነ ደግሞ አያፍሩበት፣ ጭን ላይ የሚይዛት አባቷ ወይም ሌላ የምታምነው ሰው ይሁን፤ ፍርሃትዎ በእጅዎ በኩል ይሰማታል።

ስትወጡ ሐኪሙ ያየውን በአጭሩ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የትኞቹ ጥርሶች ላይ ነጭ ምልክት እንዳለ፣ ቫርኒሽ መቼ እንደተቀባ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ይኑርበት። ከተቻለ የነጩን መስመር ፎቶ በስልክዎ ያንሱ፣ በየወሩም በዚያው ብርሃን ይድገሙት። ወደ ሌላ ሐኪም መቀየር ቢያስፈልግዎ ወረቀቱና ፎቶዎቹ አብረዋችሁ ይሄዳሉ፣ አዲሱም ሐኪም መስመሩ እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል የሚለውን በዚያው ቀን ሊነግርዎ ይችላል።